የካርቦን አሻራ ከጓዳ ይጀምራል፦ ለወሎ ቤተሰብ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ስለ ካርቦን አሻራ፣ ማለትም አኗኗራችን ወደ አየር ስለሚለቀው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ፣ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ለሌላ አገር ሰው የታሰበ ነው። አውሮፕላን መሳፈር ቀንሱ ይላል፤ የቤት ማሞቂያችሁን ዝቅ አድርጉ ይላል፤ ማድረቂያ ማሽኑን ትታችሁ ልብሳችሁን ገመድ ላይ አስጡ ይላል። የደሴ ሰው ልብሱን ከገመድ ሌላ የት ሊያሰጣ ኖሯል? ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚወጣው ጋዝ ብቻ ተቆጥሮ ለሕዝቡ ሲካፈል ለአንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚደርሰው ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ የዓለም አማካይ 4.7 ቶን ገደማ ነው። እዚህ ስሌት ውስጥ ግን ከሰሉ፣ እንጨቱና ኩበቱ የሉበትም። የወሎ ቤት ትልቁ አሻራ ያለው ደግሞ እዚያው ነው፤ ጓዳ ውስጥ፣ ከምጣዱና ከጀበናው ሥር።

ስለዚህ መመሪያው የሚሄደው በዚያው ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ እሳቱ፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ሌላው ሁሉ ኋላ። አምፖል ማጥፋት ላይ ብዙ አልቆይም። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚመጣ ስለሆነ አንድ አምፖል ቢበራም ቢጠፋም በካርቦን በኩል ልዩነቱ ኢምንት ነው። ከሰሉን በመብራት መተካት ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም «መብራት ቆጥቡ» የሚለው ምክር ከሰል የሚያነድ ቤት ሲገባ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ለመቆጠብ ብላ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ነቅላ ወደ እንጨት የተመለሰች እናት ቆሻሻውን ጨመረች እንጂ አልቀነሰችም።

ደረጃ 1፦ የአንድ ወር እሳታችሁን ቁጠሩ

አንድ ደብተር ከነእስክሪብቶው ጓዳ በር ላይ አንጠልጥሉ። ከሰል በተገዛ ቁጥር፣ እንጨት በገባ ቁጥር፣ ሲሊንደር በተሞላ ቁጥር፣ መኪና ወይም ሞተር ካላችሁ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ቀኑና መጠኑ ይጻፍ። የሚጽፈው ልጅ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጆች እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጣቸው አይዘሉም። ከሰሉን በጆንያ ሳይሆን በኪሎ ያዙት፤ ጆንያ እንደ ነጋዴው ነው፣ አንዱ አናቱ ላይ በቅጠል ተቆልሎ ሞላ ይባላል። ሚዛን ከሌላችሁ አንዴ ብቻ የጎረቤት ባለ ሱቅ ይመዝንላችሁ።

ወሩ ሲያልቅ በእነዚህ አባዙ። ሁሉም በግምት ነው፣ ለቤት ሂሳብ ግን ይበቃል፦

1 ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል።
1 ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ።
1 ሊትር ላምባ 2.5 ኪሎ።
1 ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ 3 ኪሎ።
1 ኪሎ ደረቅ እንጨት 1.7 ኪሎ።
1 ኪሎ ከሰል ከነአከሳሰሉ 10 ኪሎ አካባቢ።

የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ሰው ሲያይ ይጠራጠራል። ምክንያቱ ይህ ነው። ከሰሉ ምድጃችሁ ላይ ሲነድ የሚወጣው 3 ኪሎ ያህል ነው፤ ቀሪው የወጣው ቆላ ላይ፣ ገና ሲከሰል ነው። እንጨቱ በአፈር ተዳፍኖ ሲከሰል ከክብደቱ ከሰል ሆኖ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም፤ የቀረው በጭስ ይሄዳል። ስለዚህ 30 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ ቤታችሁ ሲገባ ወደ 180 ኪሎ እንጨት አብሮት ገብቷል ማለት ነው፤ በጋዝ ሲሰላ 300 ኪሎ ገደማ። ያንኑ ያህል ጋዝ ለመልቀቅ 130 ሊትር ቤንዚን ማቃጠል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ዛፍ ሲነድ የሚለቀው ካርቦን እድሜውን ሁሉ ከአየር የሰበሰበውን ነው፤ በቦታው ሌላ ከበቀለ መልሶ ይወስደዋል። ከጓሮ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ሂሳቡ ቀስ በቀስ ይካካሳል። ጽድ፣ ወይራና የቆላ ግራር ከተጨፈጨፉ በኋላ ቦታው የፍየል መዋያ ከሆነ ግን ዕዳው እንዳለ ይቀራል። በደብተሩ ላይ የእንጨቱን ዓይነትም ጻፉ፤ የትኛውን መጀመሪያ መተው እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ እንጀራው

ከአንድ ቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግማሹንና ከዚያም በላይ። ሶስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥዶ ማንደድ ማለት እሳቱን ለነፋስ መስጠት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ከቻላችሁ ይህን ለውጡ።

መብራት ካላችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዙ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሽቦውን እዩ። ምጣዱ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ይጎትታል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል፤ ለአንድ ተራ ሶኬት ይህ ጫፍ ላይ መቆም ነው። የምጣድ መስመር ለብቻው ከቆጣሪው በራሱ ብሬከር ይውጣ፤ ሽቦው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይሁን፤ ሥራውን ኤሌክትሪሻን ይሥራው። ኤክስቴንሽን ላይ ምጣድ አትሰኩ። ሶኬቱ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይሸታል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ሊጡ ይቆይና ብሬከሩን አጥፉ።

አጋገሩም ላይ ብዙ ይቆጠባል። ሸክላው እስኪግል ድረስ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህ ጊዜ አንድ እንጀራ ብትጋግሩም ሠላሳ ብትጋግሩም ያው ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ቀን እየቆጠሩ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር የሳምንቱን ባንድ ጊዜ መጨረስ ይሻላል። ከዚያም የተሻለው ከጎረቤት ጋር መሆን ነው፦ ምጣዱ አንዴ ከጋለ የእናንተ ሊጥ ሲያልቅ የጎረቤት ሊጥ ይቀጥል፤ ሣምንት ደግሞ በእሷ ምጣድ። ወሎ ውስጥ ቡና በተራ የሚጠራራ ሰው ምጣድ በተራ ማጋል አያቅተውም። ሊጡ ሳይደርስ ምጣዱን አታግሉ። አብሲቱ ገብቶ ኩፍ እስኪል ድረስ እየጠበቁ ምጣዱን ባዶውን ማጋል በየቤቱ ያለ ልማድ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ወይም ሶስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍታችሁ ጋግሩ። ሸክላው ሙቀት ይዟል፤ ዓይኑ ያምራል፣ ጠርዙም ሳይደርቅ ይነሳል። ከዚያ በኋላም ሙቀቱ አላለቀም፤ ሽንብራ ለቆሎ መቁላት ይቻላል፣ የተረፈውን እንጀራም ለድርቆሽ ማስጣት ይቻላል።

መብራት የሚበዛበት ሰዓት ምሽት ነው፤ መስመሩም የሚወድቀው ያኔ ነው። ማለዳ ወይም ከምሳ በኋላ ጋግሩ። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ቀድማችሁ ሁለት ቀን በፊት ጨርሱ፤ ዋዜማ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ትራንስፎርመሩ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

መብራት ለሌለው ቤት፣ ወይም ለመጠባበቂያ፣ «ምርጥ» የሚባል ምድጃ አለ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሠርቶ የሚገጣጠም፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከልል ነው። ከሶስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጭሱ የሚወጣበት በኩል ድስት ማስቀመጫ አለው፤ እንጀራ ስትጋግሩ እዚያ ላይ ውሃ ወይም ሽሮ ይጣድ፣ ሙቀቱ በነጻ ነው። ስትገጥሙት በክፍሎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በጭቃ ድፈኑ፤ እዚያ የሚወጣው ነበልባል የእናንተ እንጨት ነው። አፉን ቀጥታ ወደ ነፋስ አታዙሩ። እንጨቱ ቀጭን ተፈልጦ፣ ደርቆ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይግባ፤ እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው የራሱን ውሃ በማፍላት ነው።

በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ መብራት አጥተው የቆዩበትን ጊዜ ያየ ሰው መጠባበቂያ አያስፈልግም አይልም። መጠባበቂያው ጉልቻ እንዳይሆን ነው ምክሬ።

ደረጃ 3፦ ቡናውና ከሰሉ

ወሎ ላይ ቡና ተው ማለት አይቻልም፤ እኔም አልልም። እንዲያውም አንድ እሳት ላይ አምስት ቤት ተሰብስቦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣበት ልማድ በማገዶ አንጻር ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ለአንድ ጀበና የሚነደው ከሰል ብዛት ነው።

በመጀመሪያ ምድጃውን ለውጡ። ቆርቆሮ ብቻ የሆነው ምድጃ ሙቀቱን በጎን ይለቃል። ውስጡ ሸክላ የተለበጠው፣ ላቀች የሚባለው፣ ከሰሉን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሲገዙት ሸክላው ያልተሰነጠቀ፣ ከቆርቆሮው ጋር ያልተላቀቀ መሆኑን በጣት መታ መታ አድርጎ ማየት ነው። ለጀበና ትንሹ መጠን ይበቃል፤ ትልቁን ሲገዙ ሳያስቡት ትልቁን ይሞላሉ።

ቀጥሎ ማያያዙ። ብዙ ቤት ከሰል የሚያያዘው በፌስታል ነው፦ አንድ ፌስታል ይጠቀለላል፣ ክብሪት ይጫራል፣ እየተንጠባጠበ ጥቁር ጭሱ ይወጣል። የዚያ ጭስ መርዝ ቀጥታ የሚገባው አጎንብሳ በምታራግበው ሴት ሳንባ ነው። ይልቅ ቀጫጭን ስንጥር ወይም ጭራሮ ከሥር አድርጉ፣ ከሰሉን ከላይ እንደ ጎጆ ክምር አቁሙ፣ ምድጃውን ደጅ አውጥታችሁ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ወደ ነፋሱ አዙሩ። ማራገብ አያስፈልገውም፤ ቀልቶ ሲነጣ ብቻ ይግባ።

ሶስተኛ፣ ውሃውን ለከሰል አትተዉ። ከጠቅላላው የቡና ሥራ ብዙ ከሰል የሚፈጀው ቀዝቃዛውን ውሃ እስኪፈላ ድረስ ማሞቁ ነው። ውሃውን በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አፍልታችሁ ጀበና ውስጥ ጨምሩ፤ ጀበናዋ እሳት ላይ የምትቆየው ቡናው እስኪንተከተክ ብቻ ይሆናል። ሸክላዋ እንዳትሰነጠቅ አስቀድማ ትሙቅ። ቡናው የሚቆላው በፍሙ ላይ ይሁን፤ ጭሱም ሽታውም ከዚያ ነውና። «እትዬ፣ ዛሬ ቡናው በኤሌክትሪክ ነው እንዴ?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። ቀምሶ ይፍረድ።

እንግዲህ እሳቱ እንዲበቃ እንዲህ ይከፋፈላል፦ ሁለት እፍኝ ከሰል፣ መጀመሪያ ቡናውን ለመቁላት፣ ቀጥሎ ለጀበና፣ በመጨረሻም የቀረው ፍም ለእጣኑ። ዱአው ሲያልቅ ፍም ከተረፈ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት፤ አየር ሲያጣ ይጠፋና ለነገ ከሰል ሆኖ ያድራል። ምድጃው ላይ ትታችሁት ካደራችሁ አመድ ነው የምታገኙት። ፍም ያለበትን ምድጃ ግን መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ደሴ ስትበርድ ይህን የሚያደርግ አለ፤ ከሰሉ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ከሰል የግድ የምትገዙ ከሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከአፋር በኩል የሚመጣው የፕሮሶፒስ ከሰል ከአገር በቀል ግራር ይመረጣል፤ ፕሮሶፒስ የግጦሽ መሬት የወረረ መጤ ዛፍ ስለሆነ መቀነሱ ራሱ ይፈለጋል። ሻጩ እውነቱን ላይነግራችሁ ይችላል፤ ደጋግመው የሚጠይቁ ገዢዎች ሲበዙ ግን ለይቶ ማምጣት ይጀምራል። ከተረፈ ምርት ተፈጭቶ የሚጠፈጠፈውም ከሰል ካገኛችሁ ሞክሩት፤ ቀስ ብሎ ይያያዛል፣ ግን ረጅም ሰዓት ይቆያል።

የሲሊንደር ጋዝስ? ከነዳጅ የሚወጣ ስለሆነ አንዳንዱ በዚህ ጉዳይ ስሙን መስማት አይወድም። እኔ እንደዚያ አላይም። 13 ኪሎ ሲሊንደር ሲያልቅ የለቀቀው 40 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከላይ ካየነው የከሰል ጆንያ ጋር አስተያዩት። መብራት በማይታመንበት ሰፈር ከሰልን በጋዝ መተካት ወደ ኋላ መሄድ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ወጡ፣ በተለይ ደጋ ላይ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ በ94። ምስሩና ባቄላው ደሴ ላይ «አልበስል አለ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። እሳቱን ማብዛት አይረዳም፤ የሚፈላ ውሃ ምንም ያህል እንጨት ብትጨምሩለት ከ92 አያልፍም፣ ቶሎ ይተናል እንጂ። ስለዚህ፦

ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፉ፤ ሽንብራና ባቄላ ሲሆን አይቀሬ ነው። ድስቱ ይከደን። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን አሳንሱ፤ በዝግታ የሚንተከተክና ጎልቶ የሚፈላ ውሃ ሙቀታቸው እኩል ነው። ከቻላችሁ ፕሬዠር ግዙ፤ እንፋሎቱን አፍኖ የሙቀቱን ጣሪያ ስለሚያወጣው ደጋ ላይ ከየትኛውም ዕቃ በፊት ዋጋውን የሚመልሰው እሱ ነው። ፕሬዠር ከሌለ ደግሞ ዘዴ አለ፦ ምስሩ 15 ደቂቃ በደንብ ከፈላ በኋላ ድስቱን ከነክዳኑ አውርዳችሁ በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ከአንድ ሰዓት በኋላ በራሱ ሙቀት በስሎ ታገኙታላችሁ። ቁሌቱን ያን ጊዜ ለይታችሁ ሥሩና ቀላቅሉት።

ደረጃ 5፦ ገጠር ላላችሁ፣ ኩበቱና በረቱ

በወረኢሉ፣ በደላንታ፣ በመቄት ደጋ እንጨት ስላለቀ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ሲነድ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው፦ ጭሱ ቤት ይሞላል፣ ማሳው ደግሞ ፍግ አጥቶ ማዳበሪያ ይገዛል። ከዩሪያ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ በክብደት ሲመዘን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ260 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ጋዝ ነው።

አራት ከብት ያለው ቤተሰብ ባዮ ጋዝ ሊያስብ ይችላል። እበቱና ውሃው እኩል ተለክተው በየቀኑ ይገባሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ለወጥ፣ ለሻይና ለመብራት ይሆናል፣ ዝቃጩ እንደ ፍግ ማሳ ላይ ይፈሳል። ሁለት ነገር ቀድማችሁ መዝኑ። አንደኛ ውሃ፦ ምንጩ ሩቅ ከሆነና የምትቀዳው ልጅ ከሆነች ሸክሙ በእሷ ላይ ነው የሚጨመረው። ሁለተኛ ቅዝቃዜ፦ ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ፤ በሐይቅ፣ በወረባቦ፣ በቃሉ ወይና ደጋ ጋዙ ይበረክታል፣ ከፍተኛ ደጋ ላይ ግን ይቀንሳል። የተለመደው ማንደጃ እንጀራ አይጋግርምና ምርጥ ምድጃው አብሮ ይቆይ።

ባዮ ጋዝ ለማይሆንለት፣ በማሳው ዳር ትሪ ሉሰርን ወይም ሳስባንያ ይተከል። ቅጠሉ ለከብት፣ ጭራሮው ለማገዶ ይሆናል፤ ኩበቱ ወደ ማሳ ይመለሳል። ከብትን በተመለከተ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ሚቴን የሚባለውን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ የሚያገሱት ግን እውነት ነው። የማይታለቡና የማያርሱ ሶስት ከብቶችን ከመያዝ በደንብ የተቀለበች አንዷ ትሻላለች፤ ይህን ደግሞ ገበሬው ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ የሚይዘው የክፉ ቀን ስጋት ነው። ወሎ ላይ ስጋቱ ከንቱ አይደለም።

ደረጃ 6፦ መንገዱ

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ በእግር የሚኬደውን በእግር ሂዱ። ከፒያሳ ሸዋ በር ለመሄድ ባጃጅ የሚያስፈልገው ጉልበት ላመመው፣ ዕቃ ለያዘና ለመሸበት ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ይሆንላታል።

ረጅሙ መንገድ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር የሚበላ መኪና 36 ሊትር ይጨርሳል፤ 80 ኪሎ ገደማ ጋዝ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሁሉም የእናንተ ነው። አራት ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ 20 ይደርሳል። 55 ሰው የጫነ አውቶቡስ 130 ሊትር ናፍጣ ቢበላ እንኳ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 6 ኪሎ ተኩል አይሞላም። ለሠርግና ለለቅሶ ስትሄዱ መኪና ሁለት ሶስት ሆናችሁ ከማስነሳት አንዱ ውስጥ መጠጋጋት ነው።

መኪና የምትነዱ፦ የጎማችሁን ንፋስ በየሁለት ሳምንቱ አስለኩ፣ የላላ ጎማ ነዳጅ ይጠጣል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ማርሹን አውጥታችሁ በነጻ አትልቀቁ። ነዳጅ የሚቆጥብ የሚመስላቸው አሉ፤ ባሁኖቹ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቤንዚን ካልተረገጠ ሞተሩ ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል፣ በነጻ ስትለቁት ግን እንዳይጠፋ ይቀዳል። ፍሬኑም ይግላል፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ የጋለ ፍሬን ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። መብራታችን ከውሃ ስለሆነ እዚህ አገር የኤሌክትሪክ መኪና ከሰል አቃጥለው መብራት ከሚያመነጩ አገሮች ይልቅ ንጹሕ ነው። ለእኛ ተራራ የሚሆን ጠባይም አለው፦ ዳገቱ ላይ ባትሪው ይበላል፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን ከፊሉን መልሶ ይሞላል። ቤታችሁ መሙያ የሚሸከም መስመር እንዳለ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ደረጃ 7፦ ማዕዱ

በዚህ በኩል የወሎ ሰው ብዙ የሚቀንሰው የለም። የኦርቶዶክስ ጿሚ በዓመት ከግማሽ የማያንሰውን ጊዜ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይነካም፤ ሥጋ የበዓል ነገር የሆነበት ቤትም ብዙ ነው። ለእሱ «ሥጋ ቀንስ» ማለት ቀልድ ይመስላል። ከተማ ላይ በየሳምንቱ ሥጋ ለሚገዛ ሰው ግን ከበሬ ወደ ዶሮ፣ ወይም ወደ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን መዞር ይቻላል፤ ቆሮሶ ጋዝ አያገሳም።

ትልቁ ብክነት ድግስ ላይ ነው። ሠርግ ላይ የተደፋ እንጀራ የጤፉን እርሻ፣ የወፍጮውንና የምጣዱን እሳት ይዞ ነው የሚደፋው። ከእንግዳ ቁጥር በላይ አትጋግሩ፤ የተረፈው በማግስቱ ለድርቆሽ ይሰጣ፣ ቅርጫም ከመግባታችሁ በፊት ማቀዝቀዣችሁ የሚይዘውን አስሉ።

ደረጃ 8፦ ትናንሽ ነገሮች

ኩራዝ የሚበራበት ቤት ካለ በሶላር ፋኖስ ይተካ፤ ለዓይንም ለሳንባም ነው። ሱቅ ያላችሁ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ጀነሬተር ከማስነሳት ለአምፖልና ለስልክ የሚበቃ ባትሪ ያዙ፤ ጀነሬተሩ ለማቀዝቀዣው ብቻ ይነሳ። ልብስ ሰልባጅ መግዛት አያሳፍርም፤ አዲስ ከመስፋት በካርቦን በኩል ይሻላል። ፌስታልን በተመለከተ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከልክሎታል፤ ዘንቢል ይዞ መውጣት ከቅጣትም ያድናል።

የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን ግንድ ከፌስታል ጋር ተቀላቅሎ ከተጣለ አየር አጥቶ ይበሰብስና ሚቴን ይለቃል። ጓሮ ካላችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ አንድ ድርብ እርጥብ፣ አንድ ድርብ ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ ጥቂት አመድ። በየሶስት ሳምንቱ ይገልበጥ፤ በደሴ ብርድ ከሶስት እስከ አምስት ወር ይፈጅበታል። ከሸተተ ገለባ አንሶታል።

ደረጃ 9፦ ዛፉ

ዛፍ መትከልን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። አንድ የጎለመሰ ዛፍ በዓመት የሚይዘው 20 ኪሎ አካባቢ ጋዝ ነው። አንዲት የ30 ኪሎ ከሰል ጆንያ ለማካካስ 15 ዛፎች አንድ ዓመት ሙሉ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ከሰሉን ሳይቀንሱ በችግኝ መካካስ አይገኝም።

ቢሆንም ትከሉ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በፊትና በኋላ የወሎ ተራሮች ምን ያህል እንደተራቆቱ ያየ ሰው አሁንም በሕይወት አለ፤ የጎፍ ደንም ከኮምቦልቻ በላይ ቆሞ ይታያል። ከላስታ ተራሮች የሚነሳው ተከዜ ግድብ ላይ ደርሶ መብራት ስለሚሆን፣ ያልተሸፈነ ተዳፋት የሚሰደው ደለል መብራታችንንም ይነካል።

ጉድጓዱን በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቆፍሩ። ተከላው ዝናቡ ከጠና በኋላ፣ በሐምሌ ይሁን። ችግኙን ከመትከላችሁ በፊት ላስቲኩን ቅደዱና አውጡ። ይህን የምለው በየዓመቱ ከነላስቲኩ የሚቀበር ስላለ ነው፤ ሥሩ ታጥሮ ይዞርና በሁለተኛው ዓመት ይደርቃል። ከፍ ያለው ደጋ ላይ ኮሶ፣ ጽድና ወይራ፤ ዝቅ ስትሉ ዋንዛ፤ ቶሎ የሚደርስ ከፈለጋችሁ ግራቪሊያ። ባሕር ዛፍ ለማገዶ ይጠቅማል፣ ግን ከምንጭና ከማሳ አርቁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው የሚረሳው። ፍየል እንዳይደርስበት እሾህ ዙሪያውን አጥሩ። መስከረም ላይ አረሙን ንቀሉ፣ ሥሩ ዙሪያ ገለባ አልብሱት። ከኅዳር ጀምሮ በልግ እስኪጥል ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃ ይፈልጋል፤ ክዳኑን በመርፌ የበሳችሁትን የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ ሥሩ ላይ ብትደፉት ሌሊቱን እየተንጠባጠበ ያድራል። በልግ የቀረ ዓመት ደግሞ እስከ ሰኔ ይቀጥሉ።

ደብተሩን በስድስተኛው ወር መልሳችሁ አንድ ወር ሙሉ ሙሉት፤ ከመጀመሪያው ወር ጋር አስተያዩትና የትኛው መስመር እንዳልቀነሰ እዩ። ብዙ ቤት የማይቀንሰው የከሰሉ መስመር ነው። ያኔ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።